የሚወርድ ቡድን የለም፦ ናሽናልስን ስንፈርድ የምንሠራቸው ስህተቶች

የ2025 የቤዝቦል መደበኛ ውድድር ባበቃ በሁለተኛው ቀን አየር ማረፊያው የታክሲ ተራ ላይ ወረፋ እንጠብቃለን። አገር ቤት ሳለ የጊዮርጊስ ደጋፊ የነበረ አንድ ልጅ መኪናዬን ተደግፎ፣ «ጋሼ፣ ይህ የእርስዎ ቡድን 96 ጊዜ ተሸንፎ እንዴት አይወርድም?» አለኝ። ሳቅሁ። የሳቅሁት በእሱ አልነበረም። እኔም ዋሽንግተን በገባሁ ሰሞን፣ የከተማው የቤዝቦል ቡድን ናሽናልስ በ2008 102 ጊዜ፣ በ2009 ደግሞ 103 ጊዜ ሲሸነፉ፣ ይህንኑ ጥያቄ ለአንድ አዛውንት አሜሪካዊ ሾፌር አቅርቤለት ነበር። ሰውየው መልስ አልሰጠኝም፤ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየ።

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ነገር ተምሬያለሁ፤ የተማርኩት ግን በአብዛኛው ተሳስቼ ነው። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ቤዝቦልን በእግር ኳስ ቁና ስለምንሰፍረው ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አንድ ሳይቀር ሠርቻቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን ዛሬም እሠራቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወራጅ ቀጣና መፈለግ

በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ፣ በሜጀር ሊግ፣ ውስጥ 30 ቡድኖች አሉ፤ ከዚያ የሚወርድም ወደዚያ የሚወጣም የለም። እንዲያውም ተሸናፊ ይካሳል። በየዓመቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ከኮሌጅ የሚመጡ ወጣቶች በሚታደሉበት ድራፍት ደካሞቹ ቡድኖች ቀድመው ይመርጣሉ። ያ የ2008 ውርደት በ2009 ስቲቨን ስትራስበርግን አመጣልን፤ የ2009ኙ ደግሞ በ2010 ብራይስ ሃርፐርን። ሁለቱም ከአገሩ ወጣት ሁሉ አንደኛ ተብለው የተመረጡ ናቸው።

አሁን ግን ሕጉ ተለውጧል። ከ2023ቱ ድራፍት ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቦታዎች በዕጣ ስለሚደለደሉ፣ ጭራ ሆኖ መጨረስ ብቻውን አንደኛ ምርጫ አያስገኝም። ናሽናልስ በ2024 71 አሸንፈው 91 ተሸንፈው ሳለ ዕጣው ወጣላቸው፤ በ2025 ኢላይ ዊሊትስ የሚባል የ17 ዓመት የኦክላሆማ ልጅ መረጡ።

ይህን ያወቀ ደጋፊ ደግሞ ወዲያው ወደ ሌላኛው ገደል ይገባል፤ «ይሸነፉ፣ ለነገ ነው» ማለት ይጀምራል። እኔም ብያለሁ። ነገር ግን ከ2020 እስከ 2025 ስድስት ዓመት ሙሉ ያለማቋረጥ ከድላቸው ሽንፈታቸው በልጧል። ለነገ የተባለው ነገ ስድስት ዓመት ሲሞላው ሰበብ ይሆናል።

በሜይ መፍረድ

መደበኛው ውድድር ስድስት ወር የሚፈጅ 162 ጨዋታ ነው። እጅግ የተዋጣለት ቡድን እንኳ 60 ጊዜ ያህል ይሸነፋል። በእግር ኳስ አምስት ጨዋታ በተከታታይ መሸነፍ ቀውስ ነው፤ እዚህ ግን አንድ መጥፎ ሳምንት ብቻ ነው።

ናሽናልስ ከሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን በመጡበት በ2005 ከተማው አብዶ ነበር ይላሉ። በመጀመሪያዎቹ 81 ጨዋታዎች 50 አሸንፈው 31 ተሸነፉ። በቀሪዎቹ 81 ጨዋታዎች ደግሞ ቁጥሩ ተገለበጠና 31 አሸንፈው 50 ተሸነፉ። ድምሩ 81 ለ81፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

የ2019ኙ ግን የራሴ እፍረት ነው። ሜይ 23 ቀን ኒውዮርክ ላይ በሜትስ ለአራተኛ ቀን በተከታታይ ተሸንፈው፣ 19 ድልና 31 ሽንፈት ይዘው ቀሩ። ተተኪ ወርዋሪዎቻቸው የተረከቡትን መሪነት ሁሉ ያፈስሱት ነበር። አሰልጣኙ ዴቪ ማርቲኔዝ ይባረር እያሉ ከሚጮኹት አንዱ እኔ ነበርኩ። ለሰኔ የገዛኋቸውን ሁለት ትኬቶች ለጎረቤቴ በነጻ ሰጥቼ የመኪናዬን ራዲዮ ወደ ዜና አዞርኩት። ከዚያች ቀን ወዲያ 74 አሸንፈው 38 ተሸነፉ።

ኦክቶበር 1 ማታ፣ ከሚልዋኪ ጋር በነበረው የአንድ ቀን ጥሎ ማለፍ፣ ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች (ኢኒንግ) በስምንተኛው ናሽናልስ 3 ለ1 እየተመሩ ነው። ተሳፋሪዬን ደጁ አድርሼ ቆሜያለሁ። ሦስቱም ቤዞች ላይ፣ ሯጮች ነጥብ ለማስቆጠር በሚያልፉባቸው ማረፊያዎች ላይ ማለት ነው፣ የእኛ ሰዎች አሉ፤ ወርዋሪው ጆሽ ሄደር፣ መቺው የ20 ዓመቱ ሁዋን ሶቶ ነው። ሰውየው ሒሳቡን ከፍሏል፣ በሩንም ከፍቷል፤ ነገር ግን አንድ እግሩን አስፋልት ላይ፣ ሌላውን መኪናው ውስጥ አድርጎ ራዲዮውን ያዳምጣል። ሶቶ ኳሷን ወደ ቀኝ ሜዳ ላካት። የሚልዋኪው ልጅ ሊያቆማት ሲሞክር አመለጠችው። ሦስት ሰው ገባ፤ 4 ለ3። ተሳፋሪዬ የመኪናውን ጣሪያ በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ ያለ አንድ ቃል ወደ ቤቱ ሄደ።

በዚያው ወር 106 ጨዋታ ያሸነፉትን ዶጀርስን አስወጡ፤ ሴንት ሉዊስን በአራት ጨዋታ 4 ለ0 ጠረጉ፤ ዎርልድ ሲሪስ ላይ ደግሞ ሂውስተንን በሰባተኛው ጨዋታ 6 ለ2 ረትተው ዋንጫውን ወሰዱ። በዚያ ፍጻሜ ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነበር፤ ስለዚህ እዚህ ቤታችን ገንዘቡን ከፍሎ የገባ ሰው ያየው ሽንፈት ብቻ ነው። ጎረቤቴ እስከ ዛሬ በትኬቶቹ ያሾፍብኛል።

ወርዋሪን በድል ቁጥር መመዘን

ይህኛው አጭር ነው። ከወርዋሪ ስም ጎን የሚጻፈው የድልና የሽንፈት ቁጥር የቡድኑ እንጂ የእሱ ብቻ አይደለም። በ2018 የሜትሱ ጄኮብ ዴግሮም 10 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ የተቆጠረበት ግን 1.70 ብቻ ስለነበር የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተብሎ የሳይ ያንግን ሽልማት ወሰደ። አጥቂዎቹ ግብ ሳያገቡለት አንድ ለዜሮ የተሸነፈን ግብ ጠባቂ ማን ይወቅሳል?

የሄደን ኮከብ ማልቀስ

ሃርፐር ከ2018 ውድድር በኋላ ከፊላደልፊያ ጋር ለ13 ዓመት በ330 ሚሊዮን ዶላር ሲፈራረም ቡድኑ አበቃለት አልን። ዋንጫው የመጣው እሱ በሄደ በዓመቱ ነው። ከዋንጫው በኋላ አንቶኒ ሬንዶን ለሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ያቀረበለት የኤንጅልስ ቡድን ጋ ሲሄድ ደግሞ ባለቤቶቹን ገብጋቦች አልናቸው። ሬንዶን እዚያ በየትኛውም ዓመት ከ58 ጨዋታ በላይ አልተሰለፈም። ባለቤቶቹን ገብጋቦች ያልኩበት ሌላ በቂ ምክንያት አለኝ፤ ሬንዶን ግን ከመካከሉ ሊጠቀስ አይገባም።

ሶቶ ሌላ ነገር ነው። ሶቶ ዛሬም ያመኛል። በ2021 መጥፎ ኳስ እየወረወሩለት 145 ጊዜ ሳይመታ በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ ሄዷል፤ ወርዋሪዎቹ ፈርተውት ነበር ማለት ነው። መጥፎ ኳስ ሲመጣለት ሳይነካው እያሳለፈ፣ እግሩን አሸዋው ላይ እየጎተተ ወርዋሪውን ዓይን ለዓይን የሚያይበት አኳኋን ብቻውን የትኬት ዋጋ ያወጣ ነበር። የ15 ዓመት የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል ቀርቦለት አልቀበልም አለ፤ ኦገስት 2 ቀን 2022 ከጆሽ ቤል ጋር ወደ ሳንዲያጎ ተሰጠ።

እዚህ ላይ የእግር ኳስ ዓይን የማያየው ሕግ አለ። አንድ ተጫዋች ሜጀር ሊግ ገብቶ ስድስት የአገልግሎት ዓመት ሲሞላው ወደ ፈለገበት መሄድ ይችላል፤ የቀድሞ ቡድኑ የዝውውር ክፍያ አያገኝም። የሶቶ ስድስት ዓመት የሚሞላው በ2024 መጨረሻ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው «ሶቶን እንያዝ ወይስ እንልቀቅ?» አልነበረም፤ «አሁን በምትኩ ተጫዋቾች እንቀበል ወይስ በኋላ በባዶ እጃችን እንሸኘው?» ነበር። በምትኩ ሲጄ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎር፣ ጄምስ ዉድ፣ ሮበርት ሃሰል፣ ሃርሊን ሱሳናና ሉክ ቮይት መጡ። ሶቶ በኋላ ከሜትስ ጋር ለ15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ተፈራረመ። ልውውጡ ትክክል ነበር እላለሁ፤ እያመመኝም ቢሆን።

ያልተሳካው ከዚያ በፊት የነበረው ነው። በ2021 ማክስ ሸርዘርንና ትሬ ተርነርን አንድ ላይ ለዶጀርስ ሰጥተው ያገኟቸው ሁለቱ ዋና ተጫዋቾች ጆሳያ ግሬይና ኪበርት ሩዊዝ ነበሩ። ግሬይ በ2023 ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ፤ በዓመቱ የክርን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ኳስ ተቀባዩ ሩዊዝ የስምንት ዓመት ውል ተሰጥቶት በ2025 በጭንቅላት ጉዳት ዓመቱ ተቆረጠበት። በጉዳት ማንንም አልወቅስም። ሆኖም ሰው ሁሉ በሶቶ ልውውጥ ሲነታረክ ይህኛው ሳይነሳ ማለፉ ይገርመኛል።

ውልን በመጨረሻው ዓመት መመዘን

ወርዋሪው ፓትሪክ ኮርቢን ለስድስት ዓመት 140 ሚሊዮን ዶላር ተፈራርሞ ነበር። በ2022 6 አሸንፎ 19 ተሸነፈ፤ በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ 6.31 ተቆጠረበት። (ከላይ በድል ቁጥር አትመዝኑ ያልኩትን አልረሳሁም፤ የኮርቢን ግን በሁለቱም ሚዛን ያው ነው።) እሱ በሚወረውርበት ቀን ራዲዮ የማይከፍቱ ሰዎች አውቃለሁ። ይኸው ኮርቢን ግን በ2019ኙ ሰባተኛ ጨዋታ ሦስት ኢኒንግ አንድም ሳያስቆጥር ወርውሮ፣ በዋንጫው ጨዋታ አሸናፊ ወርዋሪ ተብሎ የተመዘገበው እሱ ነው። 140 ሚሊዮኑን ለዚያ ሌሊት ብቻ ከፈሉት ብትሉኝ አልከራከርም።

የስትራስበርግ ይከብዳል። የዎርልድ ሲሪሱ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ በሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ፈረመ፤ ከዚያ በኋላ በስምንት ጨዋታ ብቻ ተሰልፎ በጉዳት ከስፖርቱ ወጣ። በ2012፣ ከክርን ቀዶ ጥገና አገግሞ በተመለሰ በዓመቱ፣ ክንዱን እንጠብቅለት ብለው ከ159 ኢኒንግ በኋላ አሳርፈውት ነበር፤ ያለ እሱ በመጀመሪያው ዙር ተሸነፉ። በወሳኙ አምስተኛ ጨዋታ 6 ለ0 እየመሩ ነበር፤ 9 ለ7 ተረቱ። ባያሳርፉት ኖሮ እያለ ዛሬም የሚሟገት አለ። እኔ በዚህ ጉዳይ በየዓመቱ ሐሳቤን እለውጣለሁ።

ሁሉን በአሰልጣኙ ማሳበብ

ጁላይ 6 ቀን 2025 ቡድኑ ማርቲኔዝንም፣ ከ2009 ጀምሮ ተጫዋች ሲመርጥና ሲለዋውጥ የኖረውን ማይክ ሪዞንም በአንድ ቀን አሰናበተ። እሰይ ያለ ብዙ ነው። ቁጥሩን እንይ፦ እነሱ ሲባረሩ 37 አሸንፈው 53 ተሸንፈው ነበር። በጊዜያዊው አሰልጣኝ በሚጌል ካይሮ ደግሞ 29 አሸንፈው 43 ተሸነፉ። ከመቶ ስናሰላው መጀመሪያ 41፣ በኋላ 40 ነው። ያው ተጫዋች፣ ያው ውጤት።

ለእኔ የሪዞ መሄድ የሚገባ ነበር። ምክንያቴ ሽንፈቱ አይደለም፤ ከታች የሚመጡት ልጆች ሜጀር ሊግ ሲደርሱ መሻሻል ማቆማቸው ነው። ዲላን ክሩስ በ2023 በድራፍት ሁለተኛ የተመረጠ፣ ሁሉ ያደነቀው ልጅ ነው፤ በ2025 ጉዳት ተጨምሮበት የመምታት አማካዩ 0.208 ሆነ፤ ከአምስት ሙከራ አንዴ ያህል ብቻ ተሳካለት ማለት ነው። አሁን ከቦስተን የመጣው ፖል ቶቦኒ የቡድን ግንባታውን ይዟል፤ አሰልጣኝ አድርጎ የሾመው ብሌክ ቡቴራም ሲሾም ገና 33 ዓመቱ ነበር። ዕድሜያቸው አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ባለቤቶቹ ለወርዋሪ ገንዘብ ያወጣሉ ወይ የሚለው ነው፤ ያለ ወርዋሪ ቡቴራም ሌላ ማርቲኔዝ ይሆናል።

የጄምስ ዉድን ስትራይክ መቁጠር

ታክሲ ተራ ላይ ያለው ልጅ በጣም የተከራከረኝ በዚህ ነው። «አንድ ረጅም ልጅ አለ፤ ባየሁት ቁጥር ሳይመታ ይወጣል» አለኝ። እውነቱን ነው። ዉድ በ2025 221 ጊዜ ሦስት ስትራይክ (ሊመታው ሲገባ ያልመታው ኳስ) ተቆጥሮበት ወጥቷል፤ ማርክ ሬይኖልድስ በ2009 ካስመዘገበው የምንጊዜም ትልቁ ቁጥር፣ ከ223፣ ሁለት ብቻ የጎደለ ነው። ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ልጁን ሽጡት ይላል።

ሆኖም ሦስት ስትራይክ ከሌላው አወጣጥ ይህን ያህል የከፋ አይደለም፤ በአየር ላይ ተይዞም ቢሆን የወጣ ወጥቷል። ዋናው ጥያቄ የቀረውን ጊዜ ምን ሠራበት የሚለው ነው። ዉድ በ22 ዓመቱ 31 ሆም ረን (ከሜዳው አጥር በላይ የሚያልፍ ምት) መትቷል። ጁን 29 ቀን ኤንጅልስ በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብለው ሳይወረውሩለት በነጻ ቤዝ ሰደዱት፤ ከባሪ ቦንድስ ወዲህ፣ ከ2004 ጀምሮ፣ ለማንም ያልተደረገ ነገር ነው። ባላጋራ የሚፈራውን ሰው ያውቃል። እርግጥ ከ31ዱ 24ቱን የመታው ከሐምሌው የኮከቦች ዕረፍት በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ወርዋሪዎቹ አጠኑት፣ እሱም ደከመ። በ2026 የማየው የስትራይኩን ቁጥር ሳይሆን ከፍ ብሎ የሚመጣውን ፈጣን ኳስ መተው መቻሉን ነው።

ይህን ሁሉ ለልጁ አስረዳሁት። ሲሰማኝ ቆይቶ፣ «የየት አገር ልጅ ነው?» አለኝ።

«እዚሁ ነው፤ ሮክቪል ነው የተወለደው።»

«ሮክቪል? እኛ ሮክቪል?» ብሎ ከተደገፈበት ቀና አለ። እሱ የሚኖረው እዚያ ነው። ወዲያው ተራዬ ደርሶ መኪናዬን ሳንቀሳቅስ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ የማልያው ቁጥር ስንት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«29» አልኩት።