ቤት ስትሠሩ ከልስን በፊት ምን ምን ታያላችሁ? ለእሳትም ለመሬት መንቀጥቀጥም

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ መርካቶ ሸማ ተራ ተቃጠለ። በዚያው ዓመት ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ አወዛወዘ። ጂ ፕላስ ዋን ወይም ሰርቪስ ቤት ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ ዓይናችሁን የምትከፍቱት ከኮንክሪት ሙሌትና ከልስን በፊት ነው። አንዴ ከተሸፈነ ማን ያየዋል?

መጀመሪያ ግቢውን። የእሳት አደጋ መኪና የሚያስገባ በር ይኑረው። ወንዝ ዳር ከሆነ፣ ጎርፉ የት ድረስ እንደሚመጣ ነባር ጎረቤት ጠይቁ።

ቀጥሎ ኮለን፣ ማለትም ቤቱን የሚሸከመው የኮንክሪት ምሰሶ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ፌራዮው (ብረት ሠራተኛው) ስታፋ፣ ማለትም የኮለኑን ቋሚ ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያቅፈውን ቀጭን ብረት፣ ሲያጥፍ አጠገቡ ቁሙ። ጫፉ በ90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ፣ ቤቱ ሲወዛወዝ ይከፈትና ዋናው ፌሮ ወደ ውጭ ይጎብጣል። በ135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮለኑ መሃል መግባት አለበት። ኮለኑ ከቢም (ከአግዳሚው የኮንክሪት ተሸካሚ) ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ደግሞ ስታፋው ጠጋ ጠጋ ይበል፤ ልኩ ስትራክቸር ፕላኑ ላይ አለ። ፌራዮው "አታስቡ፣ ስንት ፎቅ አቁሜያለሁ" ቢላችሁም ፕላኑን አሳዩት። ፌሮው ፎርምወርኩን (ኮንክሪቱ የሚሞላበትን ቅርጽ) እንዳይነካ ስፔሰር፣ ማለትም ክፍተቱን የሚጠብቅ ትንሽ መደገፊያ፣ ይግባበት። ብረት 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ግማሽ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ከእሳት የሚከልለው ያቺው ጥቂት ሴንቲሜትር ኮንክሪት ናት።

ከተከራይ ጋር የሚያዋስናችሁ ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው ይውጣ። ብዙ ጊዜ ብሎኬቱ ኮርኒስ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ወጪ መቆጠብ ነው መሰለኝ። ታዲያ አንዱ ክፍል ሲቃጠል እሳቱ በኮርኒሱ በላይ ተሻግሮ ሌላው ላይ ይወርዳል።

መብራት ላይ ዋናው ጣጣ ምጣድ ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ከተራ ሶኬት ጋር አታጋሩት፤ የራሱ ብሬከርና የራሱ ወፍራም መስመር ይኑረው። ብሬከሩ እየወረደ ካስቸገራችሁ ትልቅ አታስቀይሩ። ያኔ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ይግላል።

በመጨረሻ ግሪል። ሌባ ፈርተን መስኮቱን ሁሉ በብረት እናጥራለን። በየመኝታ ቤቱ አንዱ ግሪል በማጠፊያ የሚከፈት ይሁን፤ መቀርቀሪያው ከውስጥ፣ ያለ ቁልፍ። ብየዳው እንዳለቀ ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው ያሳዩአችሁ።