ቶኪዮ ጣቢያ ስትገቡ መውጫችሁን ይዛችሁ ግቡ

አክስቴ ሊጠይቁኝ ጃፓን የመጡ ጊዜ፣ በሦስተኛው ቀን ካማኩራ ልወስዳቸው ተነሳን። ካማኩራ ከቶኪዮ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ትርቃለች። ከባሕሩ አጠገብ ናት፤ ትልቁ የነሐስ ቡድሃ ያለውም እዚያ ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ ለመመለስ ከሷ የሚመች ቦታ አላውቅም። ቶኪዮ ጣቢያ ገብተን ትንሽ እንደተራመድን አክስቴ ቆም አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ባቡሩ የት አለ? እኔ እስካሁን ያየሁት ኬክ ቤት ብቻ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ትልልቆቹ የጃፓን ጣቢያዎች መጀመሪያ ገበያ ናቸው፣ ቀጥሎ ኮሪደር፣ ባቡሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመት እዚያ ውስጥ ስዞር የጨረስኩት ጫማ ቀላል አይደለም። በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ጣቢያ ውስጥ ሰው የሚጠፋው ሲገባ ሳይሆን ሲወጣ ነው። ስለዚህ ከቤት ከመነሳታችሁ በፊት የምትወርዱበትን ጣቢያ ስም ብቻ ሳይሆን የምትወጡበትን በር ስም ጭምር ወረቀት ላይ ጻፉ።

ለምን እንደሆነ ቶኪዮ ውስጥ ያለውን ሺንጁኩ ጣቢያን አይታችሁ ፍረዱ። በጊነስ መዝገብ የዓለም ቁጥር አንድ ባለ ብዙ ተሳፋሪ ጣቢያ ተብሎ የተመዘገበ ነው። መውጫዎቹ ከ200 በላይ ናቸው። ጓደኛችሁ «ሺንጁኩ ጣቢያ እንገናኝ» ካላችሁ ምንም አላላችሁም። በምዕራብ በር የወጣና በምሥራቅ በር የወጣ ሰው ለመገናኘት ጥሩ የእግር ጉዞ ይጠብቃቸዋል። የደቡቡን በር እኔ የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። ከፊቱ ያለው ሰፊ መንገድ ኮሹ ካይዶ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1964 የኦሎምፒክ ማራቶን ሯጮቹ ወደ ቾፉ ከተማ ሄደው የተመለሱት በዚሁ ጎዳና ነው። አበበ ቢቂላ 2:12:11 የገባበት ቀን። በዚያ በር በወጣሁ ቁጥር ትንሽ ቀና እላለሁ።

የመውጫ ምልክት ቢጫ ነው። ጄአር (JR) በሚባለው ትልቁ የጃፓን ባቡር ድርጅት ጣቢያዎች መግቢያው በአረንጓዴ፣ መውጫው በቢጫ ሰሌዳ ይጻፋል። ቢጫው ላይ ሁለት የቻይና ፊደላት ታያላችሁ። የመጀመሪያው አንዱ ተራራ በሌላው ተራራ ላይ የተደረበ ይመስላል፤ «መውጣት» ማለት ነው። ሁለተኛው ባዶ አራት ማዕዘን ነው፤ «አፍ» ማለት ነው። እኛም ደጃፍ እንል የለ? አክስቴ ይሄን ስነግራቸው ደስ አላቸው። ከዚያ በኋላ ቢጫ ባዩ ቁጥር «ያውና ሁለቱ ተራራ» ይሉ ጀመር።

ካማኩራ ላይ የበሩ ነገር ቀላል ነው። ምሥራቅ በር ወደ ኮማቺ የገበያ መንገድና ወደ ጹሩጋኦካ ሃቺማን ቤተ መቅደስ ያወጣል። ምዕራብ በር የሰዓት ማማ ወዳለበት ጸጥ ያለ አደባባይ ነው። ወደ ቡድሃው ለመሄድ ኤኖደን የምትባለውን ትንሽ ባቡር ትይዛላችሁ፤ እሷ ያለችው በምዕራብ በኩል ነው። ሦስተኛው ፌርማታ ሃሴ ላይ ወርዳችሁ አሥር ደቂቃ እንኳ አትራመዱም።

አሁን ወደ መግቢያው እንምጣ። የጣቢያ ስም ለመሸምደድ አትድከሙ፣ ቁጥሩን ያዙ። በቶኪዮ አካባቢ እያንዳንዱ መስመር ፊደል፣ እያንዳንዱ ጣቢያ ቁጥር አለው። ወደ ካማኩራ የሚሄደው የዮኮሱካ መስመር ፊደሉ ጄኦ (JO) ነው፣ ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ። ቶኪዮ 19 ነው፣ ካማኩራ 07። ቁጥሩ እየቀነሰ መሄድ አለበት ማለት ነው። ከተሳፈራችሁ በኋላ ከበሩ በላይ ያለውን ስክሪን እዩ። ቀጣዩ ጣቢያ 18 ከሆነ ተደላደሉ። 20 ካለ በተቃራኒው እየሄዳችሁ ነውና ቀጥሎ ውረዱና ከማዶ ተሳፈሩ። ተጨማሪ አይከፈልም፣ ትኬት ከሚታይበት በር እስካልወጣችሁ ድረስ።

ቶኪዮ ላይ የዚህ መስመር መሳፈሪያ አምስት ፎቅ ወደ ምድር ቤት ወርዶ ነው። ተንቀሳቃሽ ደረጃው አያልቅም። ከላይ ገብቶ ባቡሩ ድረስ ለመውረድ አሥር ደቂቃ ያዙ። ደረጃው ላይ ቶኪዮ ውስጥ ሰው በግራ ይቆማል፣ ኦሳካ ግን በቀኝ።

ክፍያውን በካርድ ጨርሱት። ሱይካ ወይም ፓስሞ የሚባለውን ካርድ ግዙ። አንዱ ካለ ሌላው አያስፈልግም፣ በየባቡሩ ሁለቱም ይሠራሉ። ተራው ካርድ 500 የን መያዣ አለው። ለጎብኚ የተዘጋጀው ሱይካ መያዣ የለውም፣ ግን ከ28 ቀን በኋላ ይሞታል። መሙያ ማሽኖቹ ባብዛኛው የሚቀበሉት ጥሬ ገንዘብ ስለሆነ ባለ 1000 የን ኖቶች ያዙ። ስክሪኑ ላይ እንግሊዝኛ የሚል ቁልፍ አለ። ብዙ ሰው ለአንድ ቀን ጉዞ የጄአር ፓስ፣ ማለትም ለተወሰነ ቀን በጄአር ባቡሮች እንደ ልብ የሚያስኬደውን ትኬት፣ ይግዛ አይግዛ ብሎ ይጨነቃል። የሰባት ቀኑ ፓስ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 50,000 የን ከፍ ብሏል። ለካማኩራ? በፍጹም።

የወረቀት ትኬትም አለ። አክስቴ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን በምድር ውስጥ ባቡር ስንሄድ ወረቀቱን መረጡ። ስንገባ በሩ ትኬቱን ሳብ አድርጎ በወዲያኛው በኩል ተፋው፤ አንስተው ያዙት። ስንወጣም ሰጡትና ከወዲያ ቆመው መጠበቅ ጀመሩ። ከኋላቸው ሰው ተሰለፈ።

«እቴቴ፣ ይለፉ እንጂ!»

«ትኬቴን በላው እኮ!»

መጨረሻ ላይ መብላቱ ደንብ ነው። ለማስታወሻ የሚፈልግ ሰው በማሽኑ ሳይሆን በሠራተኛው በኩል ሄዶ ትኬቱን ቢያሳይ፣ ማህተም መትተው ይሰጡታል። ዋጋውን ተሳስታችሁ ያነሰ ትኬት ብትገዙም አትደንግጡ። ከመውጫው በር በፊት የሂሳብ ማስተካከያ ማሽን አለ። ትኬቱን ታስገባላችሁ፣ የጎደለውን ይነግራችኋል፣ ከፍላችሁ ትወጣላችሁ። ቅጣት የለም፣ ቁጣም የለም። በሩ ጮሆ ቢዘጋባችሁም ያው ነው። ከዳር ያለው መስኮት ላይ ሠራተኛ አለ፤ ካርዱን ስጡት፣ ያስተካክለዋል።

የትኛው ባቡር የሚለው ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ከሺንጁኩ ስትነሱ ነው። ሾናን ሺንጁኩ የሚባለው መስመር ባቡሮች ኦፉና ጣቢያ ላይ ሁለት ቦታ ይለያያሉ። መድረሻው ዙሺ የሚለው በካማኩራ ያልፋል። ኦዳዋራ የሚለው አያልፍም። በስህተት ከገባችሁ ኦፉና ላይ ወርዳችሁ ቀይሩ፣ ካማኩራ ከዚያ ሁለተኛው ጣቢያ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ እኔን የያዘኝ ነው። የዚህ መስመር 4ኛና 5ኛ ፉርጎ ባለ ፎቅ ናቸው። ወንበራቸው ምቹ ነው፣ ወደ ኋላ ይንጋለላል። በመጀመሪያው ዓመት እዚያ ገብቼ በመስኮት እያየሁ «በዚያው ዋጋ እንዲህ ያለ ወንበር!» እያልኩ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ከራሴ በላይ ትንሽ ቀይ መብራት ነበረች። ልብ አላልኳትም። አንዲት አስተናጋጅ መጥታ እጅ ነሳችኝና በትህትና ሂሳብ ጠየቀችኝ። አረንጓዴ ፉርጎ ይባላል፤ ምልክቱ ባለ አራት ቅጠል ነው፤ ለብቻው ይከፈልበታል። ሳይሳፈሩ ከመክፈል ይልቅ ባቡር ውስጥ ሲከፈል ዋጋው ይበዛል። ከአክስቴ ጋር ግን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አውቄ አስቀድሜ ከፈልኩ። ካርዳቸውን ከላይ ካለው ማንበቢያ ጋር ሳስነካው ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሆነ። «በራልን» ብለው ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲሉ ነው ያስቆምኳቸው።

ሰዓት። የባቡር ሰሌዳው 9:07 ሲል ለእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ7 ነው። የአክስቴ የእጅ ሰዓት ደግሞ በሀገራችን አቆጣጠር ተሞልቶ ስለነበር፣ «ገና ስድስት ሰዓት አለን» ብለው ቡና ሊጠጡ ነበር። መሳፈሪያው ላይ ቆማችሁ አትቀምሩ። የስልካችሁን ሰዓት ከሰሌዳው ጋር አንድ አድርጉና ቁጥሩን እንዳለ አንብቡ። 9:07 ማለት 9:07 ነው፤ 9:08 ላይ ባቡሩ የለም።

መሬቱ ላይ በሩ የሚቆምበት ቦታ ምልክት አለ፣ እዚያ ተሰለፉ። ቢጫው ጉብጉብ ንጣፍ የዓይነ ስውራን መንገድ ነው። መጀመሪያ የተነጠፈው እ.ኤ.አ. በ1967 ኦካያማ ከተማ ነው። ሻንጣ አታቁሙበት። ባቡር ውስጥ ስልክ አይወራም። ጠዋት ከ7:30 እስከ 9 ሰዓት፣ በሰሌዳው አቆጣጠር፣ ግፊያ ስለሆነ ያን ሰዓት ዝለሉት። የቆሻሻ መጣያ ብዙ አታገኙም። እ.ኤ.አ. በ1995 በቶኪዮ ምድር ውስጥ ባቡር ላይ ከደረሰው የሳሪን መርዝ ጋዝ ጥቃት በኋላ ከብዙ ጣቢያ ተነሥተዋል። ፌስታል ያዙ።

ሻንጣ ካላችሁ ሳንቲም የሚበላ ሎከር አለ። ትንሹ ከ300 እስከ 500 የን ገደማ፣ ትልቁ እስከ 1000 የን ሊጠጋ ይችላል። ቀኑ ባብዛኛው የሚቆጠረው እስከ እኩለ ሌሊት ነው። አንዳንዱ በካርድ ይከፈታል፤ ያኔ ቁልፋችሁ ያው የባቡር ካርዱ ነው። ዘግታችሁ ስትሄዱ የሎከሩን ቁጥር ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ ያለውን የመውጫ ስም ፎቶ አንሱ። ቁጥር 31 በየጥጉ አለ።

ማታ ስትመለሱ ካማኩራ ላይ ሰሌዳው «ቺባ» ቢል ወይም «ናሪታ ኤርፖርት» ቢል አትሽሹ። ባቡሩ ቶኪዮን አቋርጦ ነው ወደዚያ የሚሄደው። ቁጥሩ አሁን ወደ 19 እየጨመረ መሆኑን ብቻ እዩ።

እኛም እንዲያ አድርገን ቶኪዮ ደረስን። ከአምስቱ ፎቅ ስንወጣ አክስቴ ከፊት ሆነው መሩን። «ያውና ሁለቱ ተራራ፣ ተከተይኝ» አሉ። ተከተልኳቸው። ካርዳቸውን አስነክተው ወጡ፣ እኔም ወጣሁ። ያዬሱ በር ነበር። የእኛ ማሩኖውቺ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1914 የተከፈተው ቀይ ሸክላ ሕንፃ ያለበት፣ ከጣቢያው ወዲያ ማዶ። አክስቴ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎቹን አይተው «ጠዋት ይሄ ነበር እንዴ?» አሉ። እናንተም ይሄ ከደረሰባችሁ ተመልሳችሁ ለመግባት አትክፈሉ። በሰሜን በኩል ሁለቱን ወገን የሚያገናኝ፣ ትኬት የማይጠይቅ መተላለፊያ አለ። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፣ በአክስቴ እግር እንኳ።