የአሮጌ ሊስተር ሞተር ብሎንና መፍቻ አፈላለግ

መብራት ከመግባቱ በፊት የጎጃምን እህል ይፈጩ ከነበሩት የሊስተር ናፍጣ ሞተሮች አንዱን ለማደስ የተነሣ ሰው ከፒስተኑ ይልቅ ብሎኖቹ ያስቸግሩታል። በእንግሊዝ አገር ደርስሊ ከተማ የተሠራው አሮጌ ሞተር እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትወርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ባወጣው ልክ ስለተበጀ የብሎኑ ጥርስ 55 ዲግሪ ማዕዘን አለው፤ ዛሬ ደብረ ማርቆስ ሱቅ የሚሸጠው የሜትሪክ (በሚሊ ሜትር የሚለካ) ብሎን ደግሞ 60 ዲግሪ ነው።

ከፍለጋ በፊት መለካት ይቀድማል። የብሎኑ ውፍረት በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ተለክቶ በ25.4 ሚሊ ሜትር (አንድ ኢንች) ርዝመት ውስጥ ያለው ጥርስ ይቆጠራል። ውፍረቱ 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ጥርሱ 12 ከሆነ ግማሽ ኢንች ዊትወርዝ ነው፤ 16 ከተቆጠረ እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣው ጥርሰ ደቃቁ ቢ ኤስ ኤፍ ነው። ሳይለካ ወደ ሱቅ የሄደ ሰው የሜትሪክ 12 ቁጥር ብሎን ይዞ ይመለሳል፤ እሱም አንድ ሁለት ዙር ገብቶ ይነክሳል፣ በግድ ሲጠብቅ የሞተሩን ጥርስ ይበላል። እኔም በመጀመሪያው ሥራዬ አንድ ቀዳዳ ያበላሸሁት በዚሁ መንገድ ነው።

በመፍቻው ላይ የሚጻፈው የብሎኑ ውፍረት ስለሆነ፣ 1/2 የሚል የዊትወርዝ መፍቻ አፉ 23.4 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። 23 ቁጥር አይገባለትም፣ 24 ቁጥር ደግሞ ተንሸራቶ የዳዶውን ጠርዝ ይላጨዋል። የ3/8 አፍ ግን 18 ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ የተለመደው 18 ቁጥር ይበቃል፤ ለእሱ ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረት ለመቆጠብ የዊትወርዝ ብሎን ራስ በአንድ ደረጃ ስለቀነሰ ራሱንም መለካት ያሻል። የጎደለው መፍቻ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ካለው የአሮጌ ብረት ክምር ውስጥ በትዕግሥት ይፈለጋል።

ለብሎን ከሁሉ የሚቀርበው ምንጭ ሌላ የቆመ ሞተር ነው። ቁራሌው ሳይወስደው ባለ ወፍጮውን አነጋግሮ መግዛት፣ የዛገውንም ሁለት ቀን ያህል በነጭ ጋዝ ዘፍዝፎ መፍታት ይገባል። የቢዬላ (ፒስተኑን ከሚሽከረከረው ዘንግ ጋር የሚያያዘው ክንድ) ብሎን ግን ከአሮጌ ሞተር አይወሰድም፣ በቶርኖ ቤትም ከተራ ብረት አይቀረጽም፤ በሥራ ላይ ሳለ ቢበጠስ ሞተሩን ይሰብራል፣ ሰውም ይጎዳል። ለእሱ በህንድ ራጅኮት የሚሠሩት የሊስተር ቅጂዎች አዲስ መለዋወጫ ይፈለግ፣ ሲመጣም ከመግጠም በፊት ይለካ።

የቧንቧ ዕቃ ሻጭ “ግማሽ ኢንች አለኝ” ቢል አይታለሉ፤ የቧንቧው ጥርስም 55 ዲግሪ ቢሆን ውፍረቱ 20.95 ሚሊ ሜትር፣ ጥርሱም 14 ነውና ለማቀዝቀዣው ውኃ መስመር ብቻ ይሆናል።

ለቀሩት ተራ ብሎኖች ቶርኖ ቤት ሲኬድ ናሙና ዳዶ ይዞ መሄድ፣ የመቅረጫው ስለትም በ55 ዲግሪ እንዲሳል አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ካልተነገረው ባለ ሙያው በለመደው በ60 ይቀርጸዋል።