የውጭ ቬኔሺያን መጋረጃ፦ ከልስኑ በፊት የሚታረሙ ችግሮች

ከመስኮቱ ውጭ የሚሰቀለው፣ አግድም በተደረደሩ የአሉሚኒየም ቅጠሎች የተሠራው መጋረጃ ፀሐይን መስታወቱ ላይ ሳትደርስ ይመልሳታል። የውስጥ መጋረጃ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ክፍሉ ውስጥ ገብቷል። ከገጠማ በኋላ የሚሰሙት ቅሬታዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ፕላኑ ሲነደፍ ከተዘለለ ጥያቄ የመጡ ናቸው። ቤታችሁ ገና በግንባታ ላይ ከሆነ ይህን ዛሬውኑ አንብቡት።

ምልክት፦ መጋረጃው ተሰብስቦም መስታወቱን ይከልላል።
ቅጠሎቹ ወደ ላይ ሲሰበሰቡ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል። 2 ሜትር ቁመት ላለው መስኮት ክምሩ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። ቦታ ካልተያዘለት ግንባር ላይ እንደ ወረደ ቆብ ይንጠለጠላል፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሰማዩን የሚያይበትም ያው የመስታወቱ ክፍል ነው። የክምሩን ቁመት ከአምራቹ ሠንጠረዥ ላይ አንብባችሁ ክምሩ የሚገባበትን ሳጥን ከመስኮቱ አናት በላይ በግንቡ ውስጥ አስቀብሩ። ከሳጥኑ ጀርባ የሙቀት መከላከያ ይግባ። አለበለዚያ በብርድ ወቅት ግድግዳው እዚያ ላይ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበት ይቋጥራል፣ ሻጋታ ያወጣል። ቤቱ ካለቀ ሳጥኑን ከመስኮቱ በላይ ከግድግዳው ፊት ማሰር ይቻላል፤ ይታያል እንጂ መስታወቱን አይከልልም።

ምልክት፦ ንፋስ ሲነሳ ይንኳኳል።
ምናልባት የተመረጠው በሽቦ ገመድ የሚመራው ዓይነት ነው፤ እርሱ ለተጠለለ ቦታ ይስማማል። ለተጋለጠ ፊት የጎን ሐዲድ ያለውን እዘዙ፤ በጣም ሰፊውን መስኮት ለሁለት መጋረጃ ክፈሉት። በአውሮፓ ደረጃ ኢኤን 13659 የንፋስ መቋቋም አቅም ከ0 እስከ 6 ይመደባልና ሻጩን ቁጥሩን ጠይቁት። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ዐውሎ ንፋስ ሲመጣ ይህ መጋረጃ ይሰበሰባል እንጂ አይወርድም። የንፋስ መለኪያ ቢገጠምለት እናንተ ቤት ባትኖሩም ራሱ ይሰበስበዋል።

ምልክት፦ ተዘግቶም ብርሃን ያስገባል።
ጎበጥ ያለ ቅርጽ ያላቸው ቅጠሎች በመካከላቸው ክፍተት ይተዋሉ። እርስ በርሳቸው የሚቆላለፉት የተሻለ ያጨልማሉ። ሙሉ ጨለማ ከፈለጋችሁ ከውስጥ ወፍራም መጋረጃ ጨምሩ።

ምልክት፦ ሞተሩ መንገድ ላይ ይቆማል።
መጋረጃውን ለደቂቃዎች ያለማቋረጥ ካወጣና ካወረደ ሞተሩ እንዳይቃጠል ሲግል ራሱን ያጠፋል፤ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁት። ሁለት ሞተሮች በቀጥታ ከአንድ ማብሪያ ጋር ተያይዘው ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አንዱ ወደ ሌላው ኃይል ይመልሳል፤ ሁለቱም ሊበላሹ ይችላሉ። ኤሌክትሪሻኑ ሁለቱን ሞተሮች የሚለይ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ያስገባ።

ምልክት፦ መብራት ሲጠፋ መጋረጃው ወርዶ ይቀራል።
ወደ ውጭ በሚያስወጣው በር ላይ ይህ አደገኛ ነው። እዚያ በእጅ የሚዞር ማንሻ ያለው ይሁን፤ ያ ካልተገኘ በሩን ያለ መጋረጃ ተዉት።

ምልክት፦ ቅጠሎቹ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ።
የያዛቸውን ጥብጣብ በጣታችሁ ዳብሱት፤ ፀሐይ የበላው ጠርዝ እንደ ጥጥ ይቦጫጨቃል። ጥብጣቡ ይለወጣል፣ ነገር ግን ሠራተኛው የሚደርስበት ሳጥኑ ሲከፈት ነው። የሳጥኑ ክዳን ከታች የሚፈታ ይሁን፤ ልስን አያልፍበት።