«ባግ»፦ መንፈስም ትኋንም ስለነበረው ቃል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ኮምፒውተር የሚነካካ ሁሉ «ባግ አለው» ማለት ያውቃል። ፕሮግራሙ ላይ ችግር አለ ለማለት ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ዛሬ በተራ ንግግር ትንንሽ ነፍሳትን ይጠራል፤ ኮምፒውተር ሳይታሰብ በፊት ግን ሕፃን ይፈራበት ነበር። ስለ ቃሉ የሚወራው ብዙው የተጣመመ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በጣም የተለመደው ስህተት «ቃሉን የፈጠረችው አሜሪካዊቷ የኮምፒውተር ባለሙያ ግሬስ ሆፐር ናት» የሚለው ነው። ወሬው መነሻ አለው። በሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ሃርቫርድ የነበረው ማርክ 2 ኮምፒውተር ሲፈተሽ፣ 70 ቁጥር በተሰጠው ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ተገኘች። ባለሙያዎቹ በፕላስተር መዝገቡ ላይ ለጠፏትና «ባግ በእውን ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው» ብለው ጻፉ። ቀልዱ ያለው «በእውን» የምትለዋ ላይ ነው። ቃሉ ድሮም ለብልሽት ባይውል ኖሮ ማንን ያስቃል? ኤዲሰን እኮ በ1878 በጻፈው ደብዳቤ ላይ ጥቃቅን ብልሽቶች በዚህ ስም እንደሚጠሩ ጠቅሷል። ሆፐር ታሪኩን በየመድረኩ እያወራች አስፋፋችው እንጂ እራቷን ያገኘቻት እሷ አይደለችም። መዝገቡም እራቷም ዛሬ በአሜሪካው የሙዚየሞች ተቋም በስሚዝሶኒያን ስር ይገኛሉ። ዘመኑን 1945 የሚያደርጉም አሉ፤ አይቀበሏቸው።

ሌላው ስህተት የድሮ ጽሑፍን በዛሬ ትርጉም ማንበብ ነው። በ1535 የታተመው የማይልስ ከቨርዴል መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዛሬ መዝሙር 91 በምንለው ላይ፣ የሌሊት «ባጎችን» አትፈራም ይላል። የዛሬ አንባቢ ትኋን ይመስለውና ይስቃል። እርግጥ ትኋን ያለበት አልጋ ላይ ያደረ ሰው ተስፋው ደስ ሊለው ይችላል። በዚያ ዘመን ግን ቃሉ በጨለማ የሚያስበረግግ መንፈስ ማለት ነበር። በ1611 የወጣው የኪንግ ጄምስ ትርጉም «ሽብር» ብሎታል። የእኛው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ከሌሊት ግርማ» ይላል፤ የቀትር ጋኔንም ብዙ ሳይርቅ ይከተላል። ዳዊት የሚደግም ሰው በቁጥሩ ግራ እንዳይጋባ፣ በግእዙ 90ኛው ነው። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዊክሊፍ ስም በሚጠራው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ላይ ቃሉ ማሳ ውስጥ ለቆመ የጨርቅ ማስፈራሪያ ውሏል። ሼክስፒርም ሐምሌት ላይ ከጭራቅ ጋር አጣምሮ ይጠራዋል።

«ስለዚህ መንፈሱ ቀስ በቀስ ወደ ነፍሳት ተለወጠ» ብሎ መዝጋትም ችኩልነት ነው። የነፍሳቱ ትርጉም የሚታየው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንትም በአመጣጡ አልተስማሙም። አንዳንዶች ከድሮ የጢንዚዛ ስም ጋር ያያይዙታል። የመንፈስና የነፍሳት ዝምድና ቁልጭ ብሎ የሚታየው በላቲኑ «ላርቫ» ላይ ነው። ላርቫ ክፉ መንፈስም ጭንብልም ማለት ነበር። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኔየስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቃሉን ለእጭ ሰጠው፤ እጩ የአዋቂውን መልክ እንደ ጭንብል ሸፍኖ ይይዛልና። እኛም ብንሆን «ነፍሳት» ስንል የሟቾችም የትንኞችም ነው፤ ማንም አይደናገርም።

ሳይንስ ነክ ጽሑፍ ሲተረጉሙ ደግሞ ነፍሳትን ሁሉ ባግ አይበሉ። ለባለሙያ ባግ ማለት እንደ መርፌ በሾለ አፉ የሚመጠው ወገን ነው። ትኋንና ክሽክሽ ይገባሉ፤ ቁንጫና ጢንዚዛ አይገቡም። ሸረሪትማ ስምንት እግር ይዞ ከነፍሳትም አይቆጠርም።

አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይቀራል፦ «ባግቤር»። ሁለተኛው ክፍሉ ድብ ማለት ስለሆነ «የነፍሳት ድብ» ብሎ የሚተረጉም አይጠፋም። የድሮው መንፈስ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ባግቤር እንደ አያ ጅቦ ልጅ ማስፈራሪያ ነበር። ዛሬ ግን አንድን ሰው ዘወትር የሚያሰጋው ወይም የሚያበሳጨው ጉዳይ ማለት ነው፤ «የእሱ ራስ ምታት» ብለው ቢተረጉሙት ያስኬዳል።