የቆዩ ካሴቶችን በቤት ውስጥ ወደ ኮምፒውተር እንዴት መገልበጥ ይቻላል?

ካሴት የሞላበት ካርቶን ከአልጋ ሥር ሲወጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ሥራ ካሴቶቹን በሁለት መክፈል ነው። ሙዚቃ ቤት አባዝቶ የሸጠው ዘፈን ከሌላ ሰው ዘንድ ሊገኝ ይችላል። የአያት ምርቃት፣ የሠርግ ሆታ፣ የየኔታ ዜማ፣ ወይም ባሕር ማዶ ይኖር የነበረ ዘመድ በመንገደኛ እጅ የላከው የድምፅ ደብዳቤ ግን በዓለም ላይ ያለው በዚያ አንድ ካሴት ብቻ ነው። ቅድሚያ የሚሰጠው ለእነዚህ ነው፤ ሆኖም ወደ ቴፑ መጀመሪያ የሚገባው ካሴት ከእነዚህ አንዱ መሆን የለበትም። ቴፑ ክር የሚበላ መሆን አለመሆኑ መታወቅ ያለበት ቢበላሽ በማያስቆጭ ካሴት ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ ደህና የሚሠራ ቴፕ፣ ኮምፒውተር፣ ገመድ እና በዩኤስቢ የሚሰካ የድምፅ ማስገቢያ መሣሪያ ይበቃል። ቴፑ ላይን አውት የሚባለው መውጫ ካለው ድምፁን ከዚያ መውሰድ ይመረጣል፤ ከሌለው የጆሮ ማዳመጫውን ቀዳዳ መጠቀም ይቻላል፣ ድምፁን ግን ከግማሽ ብዙ አያሳልፉት። ብዙ ሰው ገመዱን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ባለው የማይክ ቀዳዳ ይሰካል። ያ ቀዳዳ የተሠራው ለደካማው የማይክ ድምፅ በመሆኑ ከቴፕ የሚመጣው ድምፅ ይሰነጠቅበታል፤ በአብዛኛውም አንድ ቻናል ብቻ ስለሚቀበል የግራና የቀኙ ልዩነት ይጠፋል። ላይን ኢን የሚባለው መግቢያ ያለው የዩኤስቢ መሣሪያ የሚገዛው ስለዚህ ነው። ዩኤስቢ የተገጠመላቸውን ርካሽ ዎክማኖች ግን አልመክርም። ክሩ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እንዲሄድ የተወሰነ ሲሆን፣ በእነዚህ ላይ ፍጥነቱ ስለሚዋዥቅ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። የሠፈር ሬዲዮ ጠጋኝ ቺንጋውን የቀየረለት አሮጌ ቴፕ ከእነሱ በእጅጉ ይሻላል።

ቀጥሎ ቴፑ ይጸዳል። በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ላይ 90 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥቂት ያድርጉና ክሩ የሚነካውንና ድምፁን ከክሩ የሚያነበውን ክፍል፣ ማለትም ሄዱን፣ ጥጡ ቡናማ ቀለም ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ይጥረጉ። ያ ቡናማ ነገር ከክር ላይ የተራገፈ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ድምፁን የሚይዘውም ይኸው ስስ ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ብናኝ ስለሆነ፣ የሚረግፈው እያንዳንዱ ቅንጣት ከድምፁ የጎደለ ነው። ክሩን የምትስበውን ትንሽ ጎማ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። አልኮሉ ደርቆ እስኪያልቅ ካሴት አያስገቡ።

ካሴቱንም በብርሃን ይመልከቱ። በክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ ከታየ ለብቻው ያኑሩት እንጂ ወደ ቴፑ አያስገቡት፤ ሻጋታው ሄዱን በክሎ ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ይተላለፋል። ክሩን ወደ ሄዱ የሚጫነው ትንሹ የጨርቅ ቁራጭ መኖሩንም ያረጋግጡ። ከሁሉ በላይ፣ በካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ያሉት ሁለት ጥርሶች ካልተሰበሩ ይስበሯቸው፤ ከተሰበሩ ቴፑ በላዩ ላይ መቅዳት አይችልም። ካልተሰበሩ ግን አንድ ጊዜ በስህተት የሪከርድ ቁልፍ ቢጫን የሃምሳ ዓመት ድምፅ በዝምታ ይተካል፤ የጠፋውንም የሚመልስ መሣሪያ የለም። የላላ ክር ካለ በቢክ እስክሪቢቶ ያጠንጥኑት፤ ለዓመታት ያልተነካ ካሴት ደግሞ አስቀድሞ እስከ ዳር ድረስ ወዲያና ወዲህ ቢጠነጠን እርስ በርሱ የተጣበቀው ክር ይላቀቃል።

አሁን ካሴቱን ያጫውቱና ያዳምጡ። ድምፁ ታፍኖ ከተሰማ ችግሩ ብዙ ጊዜ ካሴቱ ላይ ሳይሆን ካሴቱ የተቀዳበት ሄድና የእርስዎ ቴፕ ሄድ አቅጣጫቸው ስለማይገጥም ነው። ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀጭን መፍቻ፣ ከሩብ ዙር ባነሰ መጠን፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያንቀሳቀሱ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ጸ» የተባሉት ድምፆች ጥርት ብለው የሚሰሙበትን ቦታ ይፈልጉ። በእኔ ልምድ ከማንኛውም ፕሮግራም በላይ ድምፅን የሚያጠራው ይህች ብሎን ናት፤ ጊዜ ቢፈጅም አይዝለሏት።

ለመቅዳት ኦዳሲቲ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም መጠቀም ይቻላል። ስቴሪዮ፣ 44,100 ኸርዝ እና 24 ቢት ላይ ያስተካክሉት። ከካሴቱ ውስጥ ከፍተኛ ድምፅ ያለበትን ቦታ፣ ለምሳሌ እልልታ የሚሰማበትን፣ እያጫወቱ መለኪያው ከዜሮው ቢያንስ 6 ዴሲቤል ዝቅ እንዲል ያድርጉ። ዜሮውን የነካ ድምፅ ተቆርጦ ይቀራል፣ በኋላም አይጠገንም። ጉምጉምታ ከተሰማ የላፕቶፑን ቻርጀር ይንቀሉና ቴፑን በባትሪ ያስነሡት። ከዚያ ካሴቱን ከመጀመሪያው አስነሥተው እስከ ገጹ መጨረሻ ሳያቋርጡ ይቅዱ። የ90 ደቂቃ ካሴት አንድ ገጽ 45 ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። ክሩ መያዙ ወይም መጠምጠሙ የሚታወቀው በመስማት ብቻ ስለሆነ ቴፑን ብቻውን ትተው አይሂዱ።

የተቀዳው በመጀመሪያ ዌቭ በተባለው ዓይነት ይቀመጥ፤ የ90 ደቂቃ ካሴት 1.4 ጊጋ ባይት ገደማ ይይዛል። ይህ ዋናው ቅጂ ነው፣ አይነካም። የሚቆረጠው፣ የሚስተካከለውና በኤምፒ3 ተለውጦ ለዘመድ በቴሌግራም የሚላከው ሌላ ቅጂ ይሁን። የጀርባውን ሽሽታ የሚያጠፉ መሣሪያዎችን በቁጠባ ይጠቀሙ። እኔ የአያቴን ድምፅ ባጸዳሁበት ጊዜ ከጀርባ ይሰማ የነበረው የቡና ሙቀጫ ምት አብሮ ተበላሽቶብኝ፣ ሥራውን ሁሉ ሰርዤ ወደ ዋናው ቅጂ ተመልሻለሁ። ያ ምት ከሌለ ንግግሩ በየትኛው ቤት፣ በየትኛው ሰዓት እንደተነገረ የሚነግረኝ ነገር አልነበረም።

ስም ሲሰጡ የዘመን አቆጣጠሩን አይርሱ። በካሴቱ ላይ «79» ብቻ ተጽፎ ቢገኝ፣ አዲስ አበባ የተጻፈ ከሆነ 1979 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል፤ ዋሽንግተን የተጻፈ ከሆነ ግን ምናልባት የፈረንጆቹ 1979 ነው፣ በመካከላቸውም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለ። በፋይሉ ስም ላይ የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን አብረው ይጻፉ፤ የካሴቱን ሽፋን ፎቶም ከፋይሉ ጋር ያኑሩ። ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በሌላ ቤት ወይም በኢንተርኔት ማስቀመጫ ይሁን። ካሴቱንም አይጣሉ፤ ክሩን ወደ አንድ ወገን ሙሉ በሙሉ አጠንጥነው፣ ከድምፅ ማጉያና ከሙቀት አርቀው በማኅደሩ ቀጥ አድርገው ያቁሙት። ቅጂውንም በቶሎ ለቤቱ ታላላቆች ያሰሙና ከተናጋሪው ጀርባ የሚስቀውና «አሜን» የሚለው ማን እንደሆነ ጠይቀው፣ እነሱ እያሉ ይጻፉ።