ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ለምትጨነቁ

ጥርስ ስንታከም ከህመሙ በላይ የሚያስጨንቀው አፋችን ተከፍቶ "ቆይ አመመኝ" ማለት አለመቻላችን ነው። ስለዚህ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጣችሁ፣ ገና ምንም ሳይጀመር፣ "ግራ እጄን ካነሳሁ ያቁሙልኝ" ብላችሁ ተስማሙ። ብዙ ጊዜ ሐኪሙ በቀኝ በኩል ስለሚቀመጥ ነው ግራ ያልኩት፣ እጃችሁንም ወደ ፊታችሁ ሳይሆን ከጎን ቀጥ አድርጋችሁ አንሱት መሳሪያውን እንዳትመቱ። መጀመሪያ ላይ ባያማችሁም አንዴ ሞክሩት፣ እውነት እንደሚያቆሙ ስታዩ ትከሻችሁ ራሱ ይለቃል! ፍርሃቱን የሚያባብሰው ነገሩ ከእጃችን የወጣ መምሰሉ ስለሆነ፣ ማስቆም እንደምትችሉ ማወቁ ብቻ በጣም ያረጋጋል።

ከዛ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አየር ሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። ቀስ ብሎ ማስወጣት የልብ ምትን ያቀዘቅዛል።

ግን የማደንዘዣ መርፌ እየወጓችሁ እያለ እጅ አታንሱ፣ ድንገት መንቀሳቀስ አደጋ አለው፣ ለዛች ደቂቃ ትንፋሹ ላይ ብቻ አተኩሩ። ደንዝዞም ካመማችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትቻሉት፣ ንገሯቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣ ይጨመራል።